ኦዳ የቆረጠው ሰው ረሃብ

ልጅ ሳለሁ፣ ማሽላው ሊደርስ ሲል፣ አመሻሹ ላይ ማሳውን የምንጠብቀው እኔና አባ ሙሄ ነበርን። አባ ሙሄ የአባቴ አጎት ናቸው። ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብሎ ቦርከና ዳር ባለው ማሳችን፣ ከማማው ሥር እሳት አንድደው እሸት ፍሙ ላይ እየጠበሱ ያወሩልኝ ነበር። ያኔ የእሳቱ ብርሃን ከፊታቸው አልፎ ስለማይሄድ፣ ከኋላችን ያለው ጨለማ ሁሉ የሚያዳምጠን ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው እንደሚሉት ባለቤት የሌለው ነገር የለም። ወንዙም ረግረጉም ባለቤት አለው። ከማሳችን ራስ፣ ከምንጩ ላይ የቆመው ትልቅ ሾላ፣ ኦዳው፣ ባለቤቱ ሴት ናት፤ ከዛፉ ጋር ተወልዳለች፣ ከዛፉ ጋር ትሞታለች። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ «እመቤቴ፣ አሳልፊን» ይሏት ነበር፤ ግንዱንም ቅቤ ይቀቡታል። የመድረሳ ልጆች «ይሄ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው» ሲሏቸው አባ ሙሄ አይቆጡም።

«እኔ የምሰግደው ለአላህ ነው። ጎረቤቴን ሰላም ማለት ማን ከለከለኝ?»

ከሁሉ የምፈራው የአንድ ባላባት ተረት ነበር። ባላባቱ አዳራሽ ሊሠራ ኦዳ ቆረጠ። ምሳሩ ሲያርፍ ግንዱ ደማ፤ እሱ ግን አላቆመም። ባለቤቲቱ ስትሞት ረሃብን ላከችበት። ጎተራውን በላ፣ በሬዎቹን በላ፣ ልጁን ሸጦ በላ፤ በመጨረሻ የገዛ እጁን። አባ ሙሄ እዚህ ሲደርሱ እሸት ያቀብሉኛል፤ እኔ መዋጥ ያቅተኛል።

«ብላ እንጂ ልጄ፣ ያ ጉርባ፤ አንተ ምን ቆርጠሃል?»

አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ምሳር የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ምንጩንና ማሳችንን ለወንድሙ የሽንኩርት እርሻ ፈልጓቸው ነበር፤ ኦዳው ደግሞ የውሃ ፓምፑ የሚተከልበትን ቦታ ይዟል። አባቴ ዱላውን አንሥቶ ቆመ። ጎረቤቶቻችንም ወጥተው ነበር። ሁሉም የሚያዩት አባ ሙሄን ነው፤ «ቁሙ» ቢሉ ይቆሙ ነበር።

አባ ሙሄ የአባቴን ክንድ ያዙ። «ተው ልጄ፣ ተቀመጥ። የእመቤቲቱን ጠብ አትቀማት።»

ሊቀመንበሩ ሰምቷል። «አባ ሙሄ፣ ዛሬ ቅቤ አልያዙም እንዴ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

አባቴ ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጠ። ምሳሩ ሲያርፍ ግንዱን አየሁ። ነጭ ወተት እንጂ ደም አልወጣውም። ከሰዓት በኋላ ወደቀ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርን። ሰው ሁሉ የሊቀመንበሩን አበላል ይከታተል ነበር። ሠርግ ቤት ምግብ ሲያስጨምር «ጀመረው» ተባባሉ። አንድ ሰሞን ከሳ ተባለና ደስ አለን፤ ለካ ረመዳን ነበር። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ራበው፣ በላ፣ ጠገበ። እኛ ማሳችን ሲወሰድ ከሚሴ ገባን፤ አባቴ መናኸሪያ ጭነት ተሸካሚ ሆነ።

በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አባ ሙሄን «መቼ ነው የሚርበው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይርበዋል» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን አሸሹብኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ተረት ሲያወሩ አልሰማሁም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ግሪኮችን ተረት ሳነብ በየዛፉ የሚኖሩ፣ ከዛፉ ጋር የሚሞቱ ሴቶች አገኘሁ። ዛፍ ቆርጦ፣ ተርቦ፣ የገዛ ሥጋውን የበላ ሰውም እዚያው ነበር። ጓደኞቼ ለፈተና ያጠኑታል፤ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ግሪኮቹም እንደኛ ተበድለው፣ ቁጭ ብለው የጠበቁ ሰዎች እንደነበሩ ገባኝ።

ሊቀመንበሩ ባለፈው ዓመት አርጅቶ፣ በልጆቹ ተከቦ ሞተ። ለቀብሩ ከባቲ ድረስ ሰው መጣ። እኔም ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ሬሳው ከስቶ እንደሆነ ለማየት ይሆናል። ሰደቃው ላይ ከልጆቹ አንዱ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ በአክብሮት ምግብ አቀረበልኝ። በላሁ። ደገመልኝ፤ ያንንም በላሁ። ከሰው ሁሉ ኋላ ስነሣ አልጠገብኩም ነበር።

አባ ሙሄ አልዋሹኝም። ረሃቡ ተልኮ ነበር። ቤት ነው የተሳሳተው።