አፍንጫውን የያዘው መርማሪ

ሰሞኑን በከተማችን ሆን ተብለው ከተቃጠሉት ቤቶች አንዱ ከእኛ ጎን ያለው ነው፤ እናትና ልጅ አልቀውበታል። ይህን እንዲያጣራ የዚያም ቤት ባለቤት የሆኑት አከራያችን የቀጠሩት የግል መርማሪ ግን ሠርግ የተጠራ ይመስል ሽቶ ተርከፍክፎ መጣ። አመድ እንዳይነካው ሱሪውን ሰብስቦ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ፍርስራሹን ዞረው። የቃጠሎ መርማሪ አፍንጫውን ይዞ ምን ሊያገኝ ነው?

ከዚያ ቤቴ ገብቶ ስልኩን እየነካካ፣ «እህቴ፣ ሟቿ ጠላት ነበራት?» አለኝ።

«እሱስ ይቅር፤ ቀጣዩ የእኛ ቤት ይሆን እንዴ? ሕፃን ይዣለሁ እኮ!»

«ፖሊስ ጠይቂ። እኔ የተቀጠርኩት ለተቃጠለው ነው።»

ጎረቤቴ ከበር ላይ፣ «ይሄ እንኳን አቃጣዩን ክብሪቱንም አያገኝ!» ብላ አሳቀችኝ።

ሊወጣ ሲል ልጄ የተኛችበት ክፍል በር ላይ ቆመ። ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ከውጭ የምዘጋባትን መቀርቀሪያ አየና መሐረቡ ከእጁ ወደቀ።

«ልጅ ያለበት በር ከውጭ አይዘጋም» አለ። «ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይዘጋም!»

መሐረቡን ሳያነሳ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ሄደ።

ሰውየውን አሁንም አልወደውም። መቀርቀሪያውን ግን ልጄ ሳትነቃ ነቅዬ ጣልኩት።