ማህተም ያልተመታበት ሥዕል

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጽሐፌን ይዤ ወደ መናፈሻው ስገባ፣ ቀለም የጠገበ ቱታ የለበሰች ሴት አንድ ሽማግሌ ፊት ተንበርክካ እጅጌያቸውን ስትጠርግ አየሁ። ሽማግሌው ገና ያልደረቀ አረንጓዴ አጥር ተደግፈው ኖሯል። "ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" እያለች፣ ጨርቁን ነጭ ጋዝ እያስነካች በስሱ ታሻለች፤ ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥባለች። እድፉ ለቀቀ። መርቀዋት ሄዱ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ቀኔ ይባረክልኛል።

ቀና ስትል ግን ፊቷ እሳት ለብሷል።

"አጥሩን የቀባሁት እኔ ነኝ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። "ሥዕል ልስል መጥቼ!"

ሃያ ሦስት ዓመት ቤት ስትቀባ ኖራለች። ሌላው ቀቢ ሁለት እጅ ቀብቶ ሲሄድ፣ እሷ ሦስተኛውን ካልደገመች እንቅልፍ ስለማይወስዳት የሥራ ጓደኞቿ "ሦስት እጅ" ይሏታል። በምሳ ሰዓት እነሱ ጋደም ሲሉ፣ እሷ በተራረፈ ቀለም በቆርቆሮ ክዳን ላይ ከፊቷ ያለውን ትስላለች። ደረጃ፣ መስኮት፣ የተሰጣ ልብስ። ክዳኖቹ አልጋዋ ሥር በጆንያ ታጭቀዋል። ያስተማራት ሰው የለም። እኔም ንባብን ብቻዬን ታግዬ ያገኘሁት ስለሆነ ይሄ ነገሯ ልቤን ነካው።

በመናፈሻው የሚደረገውን የሥዕል ቀን ሰምታ ያስመዘገበቻት ልጇ ናት። ደንቡ ቀላል ነው። ጠዋት የወረቀትህ ጀርባ ላይ ማህተም ይመታል፤ ያየኸውን እዚያው ትስላለህ፤ አስር ሰዓት ላይ ታስረክባለህ። ማህተም ያለበት ሥዕል ሁሉ ከነሠዓሊው ስም አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ወር ይሰቀላል።

"ስንት ግድግዳ ቀባሁ! አንዱም ላይ ስሜ የለም" አለች። "አንድ ግድግዳ፣ አንድ ወር። ሌላ ምን ጠየቅኩ?"

ሁለት ሰዓት ላይ ባልዲዋን፣ ብሩሾቿንና የተራረፈ ቀለሟን ይዛ ስትደርስ፣ ባለ ባርኔጣው አስተባባሪ ገና ከበሩ "ኧረ በስንት ልመና ቀቢ መጣ! በይ ከመድረኩ አጥር ጀምሪ" ብሎ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም አስጨበጣት።

"ታዲያ እምቢ አትይውም ነበር?" አልኳት።

"ፈተና መስሎኛ! በኛ ሥራ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አጥር ነው የሚሰጠው፤ እጁ እንዲታይ። ሌሎቹ ተቀምጠው ሲስሉ ሳይ፣ ፈተናውን ቀድመውኝ ያለፉ መሰለኝ። እልህ ያዘኝ! ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ አንድ እጅ ጨርሼ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ኋላ 'ወረቀቴን መቼ ነው የምትሰጡኝ?' ስለው 'የምን ወረቀት?' ብሎ ሳቀብኝ። ሳቀ!"

አብረን ወደ መዝጋቢው ወጣት ሄድን።

"እናቴ፣ ማህተም አራት ሰዓት ላይ ተዘግቷል" አላት።

"እናትህ አይደለሁም። ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ የለም?"

በጣቱ ወረድ ወረድ አለና፣ "አለ። ሠላሳ አንደኛ" አለ።

"አራት ሰዓት ላይ የት ነበርኩ? እዚሁ፣ አፍንጫህ ሥር!"

ባለ ባርኔጣው መጣ። "እህቴ፣ ትንሽ አለመግባባት ነው የተፈጠረው።"

"በደንብ ነው የተግባባነው! ቅቢ አልከኝ፣ ቀባሁ። ቱታዬን እንጂ እኔን መች አየኸኝ?"

"አጥሩ ግን በጣም አምሮበታል" አለ ሊያባብላት። ከካርቶን አንድ ቲሸርት አወጣ፤ ጀርባው ላይ "አስተናጋጅ" ይላል። "ይሄን ለመታሰቢያ..."

"እሱን ለአጥሩ አልብሰው!"

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቁጣ ብዙም አይቀርበኝም፤ ያን ዕለት ግን እስከ ጆሮዬ ጋለኝ።

"አንድ ማህተም ብትመቱ ምን ይጎድልባችኋል?" አልኩ።

"ለአንድ ሰው ከፈቀድን ለሁሉም መፍቀድ ሊሆን ነው" አለ።

"ሁሉም አጥር ቀብቷል እንዴ?"

ሰውየው ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

እሷ ከጠረጴዛው ላይ ማህተም የሌለው ወረቀት መዘዘች። ባልዲዋን ደፍታ፣ እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችበት። ብሩሹን የያዘችው ሰው ልትመታ እንደሆነ አድርጋ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ግን አይንቀጠቀጥም። ጠረጴዛው ወጣ፣ የተቆለፈው መሳቢያ ወጣ፣ ከባርኔጣው ሥር ያ ፊት ከነኩራቱ ወጣ።

"እኔን ነው እንዴ?" አለ ሰውየው፣ ዞር ሊል ሲል።

"ዝም ብለህ ቁም! አሁን የማዝህ እኔ ነኝ።"

አስር ሰዓት ላይ ሥዕል ሰብሳቢዎቹ ከሰው ሰው እየዞሩ መጡ። እሷ ጋ ሲደርሱ የወረቀቱን ጀርባ ገለጡና አለፏት። አንዷ ሰብሳቢ ዘወር ብላ ሥዕሉን ደግማ አየችው፤ ከዚያ እሷም ሄደች።

እርጥቡን ሥዕል በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ቆመች። ምን ልበላት?

"አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር መንገድ አያጣም" አልኳት፤ ከልቤ ነው።

"አያጣም። እኔ ግን አንተን አገኘሁ። ለበላያቸው ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ ሥዕሉም አብሮ ይገባል። ስናደድ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋብኛል። አንተ ታነባለህ፣ ቃል አታጣም። ግን አደራህን ወንድሜ፣ አታለስልሰው፤ 'በትህትና' ምናምን የሚል እንዳላይ። ስሜን ከላይ ጻፈው፣ ሙሉውን፣ ከነአያቴ።"