የሦስተኛው ኩሬ ቅርፊት

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፌ አላወጣሁትም። ለባሌ አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" ብዬ አልፈው ነበር እንጂ በስሙ አልጠራሁትም። አሁን ልጥራው፤ ንጹሕ ሰው ሌባ ሲባሉ፣ ማስረጃው በእጄ እያለ ዝም አልኩ።

ከአርባ ምንጭ መጥቼ፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንድ የግል የዓሣ እርባታ ተቀጥሬ ነበር። አራት ኩሬዎች ነበሩን። ዓሣውን መመገብና በየኩሬው ማመጣጠን የእኔ ሥራ ነው። ከወንዙ በቦይ ውኃ የሚያስገቡት ኦቦ ጉርሜሳ ነበሩ፤ የአገሩ ገበሬ፣ ጎረቤት ሲጣላ ተጠርተው የሚያስታርቁ ሽማግሌ። እኔን "ልጄ" እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

አራተኛው ኩሬ መጽዳት ነበረበት። ዓሣውን ለአንድ ሳምንት ብዬ ወደ ሦስተኛው ገለበጥኩት። ሳምንቱ አራት ወር ሆነ። ለምን? ሰንፌ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ዓሣው ተጨናንቆ እርስ በርሱ ሲነካከስ፣ ምግብ ሲተው እያየሁ "ነገ" እል ነበር።

በዚያ መሃል አንዲት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ ከየኩሬው የዓሣ ቅርፊት ወሰደች። እኔ ያዝኩላት፣ እሷ በመቆንጠጫ ነቀለች። ደሙን ለምን እንደማትወስድ ጠየቅኋት።

"ደሙ የሚነግረኝ አሁን በመረብ ስንይዘው መደንገጡን ነው" አለችኝ። "የጭንቀቱ ሆርሞን ግን ቅርፊቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ቅርፊቱ የወራቱን ነው የሚነግረኝ።"

ያኔውኑ ዓይኔ ወደ ሦስተኛው ኩሬ ሄደ።

ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ስደርስ የሦስተኛው ኩሬ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፏል። የእርባታው ባለቤት መጥቶ ቦዩን ሲያይ ውኃው ቀንሷል። በጋ ነበር፣ ወንዙም ጎድሎ ነበር። ግን ኦቦ ጉርሜሳ ከቦዩ በታች የሽንኩርት ማሳ ነበራቸው።

"ውኃውን ወደ ማሳህ ጠልፈህ ነው!" አላቸው፣ አንቱታውን ጥሎ።

"ዋቃ ያውቃል፣ አልነካሁም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንቺ ታውቂ የለ? ንገሪው እንጂ!"

መሬት መሬት አየሁ። እና ጣቱ እሳቸው ላይ ሲቀሰር፣ እኔ በልቤ እፎይ አልኩ። ይህችን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ተመራማሪዋ ውጤቱን ላከችልኝ። በሦስተኛው ኩሬ ቅርፊት ውስጥ ያለው ሆርሞን ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ይበልጥ ነበር። ከሥሩ "ይህ ዓሣ ለረጅም ጊዜ ተጨንቆ ቆይቷል፤ ቁጥሩን ቶሎ አሳሱት" ብላ ጽፋለች። ቅርፊቱ የተወሰደው ዓሣው ከመሞቱ ከወር በፊት፣ የቦዩ ውኃ ገና ሳይቀንስ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ባለቤቱ ሲጠይቀኝ "ናሙናው ተበላሽቷል" አልኩት። ወረቀቱን ሻንጣዬ ሥር ደበቅኩ። እኔ ደበቅኩት፣ እሳቸው ተባረሩ።

የጎዳቸው መባረሩ አልነበረም። "የውኃ ሌባ" ተባሉ። ለዕርቅ የሚጠራቸው ጠፋ። እኔ ሌላ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ፉሪ ቤት ተከራይቼ ኖርኩ። ሰበታ ገበያ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ሳላያቸው። "ልጄ! አካም ጅርታ? ወለድሽ ወይ?" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። እኚህ ሰው እኔን ጨርሶ አልጠረጠሩኝም ነበር። ያን መቋቋም አቃተኝ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

"ያኔ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አባባ።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። "እኔማ አለመስረቄን መች አጣሁት! ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለእነሱ ንገሪ።"

ለእርባታው ባለቤት ደወልኩለት። እሑድ ደግሞ የኦቦ ጉርሜሳ ሰፈር ዕድር ሲሰበሰብ ሄጄ በሰዉ ፊት ቆምኩ። "ዓሣውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ጉርሜሳ ውኃ አልሰረቁም። እያወቅሁ ደበቅሁ" አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ። "አያሳፍርሽም?" ያለችኝም አለች። ያሳፍረኛል። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ተነሥተው ከሽማግሎቹ መሃል ለኦቦ ጉርሜሳ ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"መጀመሪያ እሷ ትቀመጥ" አሉ። "ቆማ ደከመች።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ደረቴ ቀሎኛል። እህል ይጣፍጠኛል፤ ከልጄ ጋር ስስቅ የሚቆርጠኝ ነገር የለም። ይህ ሁሉ ቀላልነት ይገባኛል? እንጃ። ይቅር ብለውኛል፣ እኔም አልቅሼ ተቀብያለሁ። "ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው" ግን አልላችሁም። ስድስት ዓመት፣ በየቀኑ፣ መናገር እችል ነበር።