አፉ በቀይ ጨርቅ የታሰረው ጆንያ

ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ግዢው፣ መጋዘኑ፣ ሽያጩና ሒሳቡ በአንድ ሶፍትዌር እንዲያያዝ ሲፈልጉ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጥቃቅን ነገር ላይ ችክ የምለው። የአንድ ጆንያ ልዩነት ካለ ምግብ አይወርድልኝም።

በመጋዘኑ ቀኝ ጥግ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ የሐጂ ያልሆኑ ጆንያዎች ነበሩ። ቤቱ ነቀዝ የገባበት ወይም ጣሪያው የሚያፈስ ገበሬ ከጨፋ አምጥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ሲፈልግ መጥቶ ይወስዳል። ወረቀት የለም። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቁት መጋዘን ጠባቂው ናቸው፤ እኔ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ።

ሲስተሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቆጠራ ስናደርግ፣ ጋሼ ወደዚያ ጥግ ስሄድ አዩኝ።

«ያንን ተወው። የሰው አማና ነው፤ አደራ ነው።»

«መጋዘን ውስጥ ያለ ሁሉ መመዝገብ አለበት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የሰው ነው ብለህ መዝግበዋ!»

ይቻል ነበር። ሶፍትዌሩ «ባለቤት» የሚል ቦታ አለው። ግን ለእያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ገጽ መክፈት፣ ስሙን ከጋሼ መጠየቅ፣ ጆንያውን ለይቶ መመዘን ይፈልጋል። ሐጂ ከሰላት መልስ መጥተው ሊያዩት ነው፤ እኔ ደግሞ አንድም ባዶ ቦታ የሌለው ገጽ ላሳያቸው ጓጉቻለሁ። በባለቤት ቦታ ላይ የድርጅቱን ስም ሞላሁ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሐጂ አይተው «ማሻ አላህ!» አሉ፤ በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። ነገ ነገ እያልኩ ነው የተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ጭነት የሚወጣው ከኮምፒውተሩ በሚታተም ማዘዣ ሆነ።

«ከእንግዲህ እርስዎ ባይኖሩም ሥራ አይቆምም» አልኳቸው ጋሼን። ላስደስታቸው ብዬ ነው።

«እህ! ብሞት ከቀብሬ ሳትመለሱ ትጭናላችኋ!» አሉ። ጫኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሼ ለለቅሶ ጨፋ ሮቢት የሄዱ ዕለት አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛ ማሽላ ጠየቀ። ሽያጭ ላይ ያለው ልጅ ስክሪኑ ላይ ያየውን ሁሉ አዘዘ። ጫኞቹ ማዘዣው እስኪሞላ ጫኑ፤ ጎዶሎውን ጆንያ በሌላው ላይ እየገለበጡ ጥጉን ባዶ አደረጉት። ጋሼ ሲመለሱ ርብራቡን አይተው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ለኮምቦልቻው ደንበኛ ደወልኩ። ማሽላው ወፍጮ ገብቷል።

ሐጂ ለባለ አማናዎቹ ከራሳቸው እህል በልኩ ተኩላቸው። ሁሉም አልሐምዱሊላህ ብለው ወሰዱ። የአንዲት እናት ግን ምትክ የሚገኝለት አልነበረም። የእሳቸው ግማሽ ጆንያ ዘር ነበር፤ ከእናታቸው የወረሱት፣ በየዓመቱ ማሳው ላይ ዘለላ በዘለላ የሚመርጡት ማሽላ። ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰ፣ ሊወስዱት በባጃጅ መጡ። ጋሼ ባዶውን ጆንያና አፉ ታስሮበት የነበረውን ቀይ ጨርቅ አስቀምጠውላቸው ነበር።

«ሲስተሙ ነው፣ እናቴ» አላቸው የሽያጩ ልጅ። «ሲስተሙ ሸጦት ነው።»

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?» አሉ። አንዱ ጫኝ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ያን ሰሞን ሁሉ ሰው ሲስተሙ ሲል እየሰማሁ ዝም ብዬ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ጫንከው?»

«አልጫንኩም። የሐጂ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሳታውቅ ነዋ፣ ኢልማኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እያወቅሁ ነው። አፉ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ጆንያውን አራግፈው አጠፉት፤ ቀዩንም ጨርቅ ከላይ አደረጉበት።

«አፉ ብያለሁ። አላህም አፉ ይበልህ።»

ቶሎ ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ምርጥ ዘር ገዝተው ሰጧቸው፤ ዘሩትም። አገዳው አጭር ሆኖ ለከብቶቹ እንዳልበቃ ለጋሼ ነግረዋቸዋል። ለእኔ አልነገሩኝም።

አሁን ሲስተሙ ውስጥ አማና የሚል የራሱ ክፍል አለ። የባለቤቱ ስም ካልተሞላ አያሳልፍም፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ጋሼም ርብራቡን ይጠርጉታል። የሚያስቀምጥበት ሰው ግን አልመጣም።

እኚያ እናት በገበያ ቀን በደጃችን ያልፋሉ። ባጃጁን አስቁመው «አከም ጂርተ?» ይሉኛል፤ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። እኔም ቀርቤ የእሳቸውን እጠይቃለሁ። ጆንያቸው ጭናቸው ላይ ነው። እስክንሰነባበት ድረስ አፉን በእጃቸው እንደያዙ ናቸው።