ቡሬን ጥራ

የዓሣ ዘይት ክርፋት አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ ቆቦ ከአውራ ጎዳናው ዳር ከነበረው የረሃብ መጠለያ፣ ከእናቴ ጉልበት ሥር ተመልሼ እቀመጣለሁ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ እኔ ሰባት፣ ወንድሜ ሰይድ ሦስት ዓመታችን ነበር። ከዚያ በፊት ሰይድ ከብቶቻችን ማታ ሲገቡ በር ላይ ቆሞ፣ አንዱንም ሳይዘል በየስማቸው እየጠራ ይቀበላቸው ነበር። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው በቁሙ ሲደርቅ፣ ከብቶቹም አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ የሱም አፍ አብሮ ተዘጋ። መጠለያው የደረስን ጊዜ ስንጠራው እንኳ ዞር አይልም ነበር።

በጋውን ሙሉ የመጠለያው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት ይሰጠው ነበር። ዓሣ በልተን የማናውቅ የቆላ ሰዎች ነንና እናቴ መጀመሪያ አሽትታ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ አጎረሰችው። ማንኪያውን የምልሰው እኔ ነበርኩ፤ ርቦኝ ነው እንጂ ጥሞኝስ አይደለም።

ድሬሰሩ «ዘይቱ ብቻውን አይበቃም፣ ልጁን አጫውቱት» ሲላት እናቴ ቃሉን አጥብቃ ያዘች። ዘይቱን ባጎረሰችው ቁጥር ፊት ለፊቷ አስቀምጣ «ዳለቻ፣ ጉራቻ፣ ቦራ…» እያለች ያለቁትን ከብቶቻችንን ትጠራና፣ የመጨረሻውን፣ ቡሬን፣ ለሱ ትታ ትጠብቅ ነበር። አባቴ ግን መስማቱን አልቻለም።

«በአላህ ይሁንብሽ፣ የሞተ አትጥሪብኝ!»

«ከብቱስ አለቀ፤ ስሙ እንኳ ለልጄ ይትረፍ!»

አባቴ ተነስቶ ይወጣል፣ እናቴ ትቀጥላለች። እሷ ሲደክማት እኔ እተካ ነበር፤ እልህ ይዞኝ፣ አንዳንዴም እያለቀስኩ።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሸራውን በሚደበድብበት በአንዱ ጠዋት፣ እናቴ «ቦራ» ብላ ዝም ስትል፣ ሰይድ በቀጭን ድምፅ «ቡሬ» አለ። አባቴ በር ላይ ነበር። እርጥብ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ ከፊቱ ተቀመጠ።

«እስቲ ድገምልኝ፣ ልጄ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ስሞቹን የሚጠራለት አባቴ ሆነ።

ሰይድ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ንግግሩ ቀስ ያለ ነው፣ ሒሳብም ይከብደዋል፤ ያ ረሃብ የወሰደውን ሁሉ አልመለሰም። ለዛሬ ልጆች በዓሣ ዘይቱ ፈንታ የቫይታሚን ጠብታ ከነወረቀቱ ይመጣላቸዋል፣ ስንት ጠብታ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ ተጽፎበታል። ልጁን አስቀምጣችሁ አጫውቱት የሚል ግን አላገኘሁበትም። እኔም ለልጅ ልጄ ጠብታዋን ከሰጠኋት በኋላ ፊት ለፊቴ አስቀምጣትና፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ከብቶች «ዳለቻ፣ ጉራቻ፣ ቦራ» ብዬ ጠርቼ፣ የመጨረሻውን ለሷ ትቼ እጠብቃለሁ።