ደጋሊት እስኪደርስ

በቀደም ሬዲዮ ላይ አንድ የተማረ ሰው፣ የሰው አንጎል የዛሬዋን ጥቂት ከነገው ብዙ ያስበልጣል፣ ታግሶ የጠበቀ ግን ይጠቀማል ሲል ሰማሁት። የጠገበ ሰው ወሬ! ዘጋሁት።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዋጃ አጠገብ ነበርን። ጎተራችን ተጠርጎ አልቆ፣ ቤት ውስጥ የቀረ እህል ቢኖር ከምድጃው በላይ የተሰቀለው የዘር ማሽላ ብቻ ነበር። እኛ ራያዎች ለዘር የመረጥነውን ዛላ ነቀዝ እንዳይበላው ጭስ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ጥቀርሻ ለብሶ ይከርማል። የእኛ ዘር ደጋሊት የሚባለው ማሽላ ነበር፤ ቶሎ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ቤት ይሞላል። ከአባቴ በቀር ማንም አያወርደውም። እኛ ልጆች ተጋድመን ሽቅብ እያየነው እንውል ነበር።

ታናሽ እህቴ ገና ድክ ድክ ማለት ጀምራ ነበር፤ በዚያ ወር መቆሙንም ተወችው። እናቴ አንድ ዛላ ብቻ አውርድልኝ፣ ፈጭቼ አጥሚት ላድርግላት ብላ ለመነችው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። ዛሬ አንድ ካወረድን ነገ ሌላ ማውረዳችን አይቀርም፣ አላህ ዝናቡን ሲሰጠን ምን ልንዘራ ነው፣ ትንሽ እንቆይ አላት። እንደ ልማዱም ያቺን ተረቱን ጨመረባት።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «የወለደችውስ?» አለችው።

ዘሩ አልወረደም። እናቴ ልጇን አዝላ፣ እርዳታ ይታደላል ወደተባለበት ወደ ቆቦ በእግሯ ሄደች። ስትመለስ አንቀልባው ባዶውን ትከሻዋ ላይ ነበር።

ዝናቡ መጣ፣ ዘራን። ዘራቸውን የበሉት ጎረቤቶቻችን እርሻቸው ጦሙን ሲያድር የእኛ ደጋሊት ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። እኔን ለዚህ ያበቃኝ ያ ማሽላ ነው። አባቴ ተሳስቷል እንዳልል እኔ አለሁ፤ ልክ ነበር እንዳልል እሷ የለችም።

አዝመራው የገባ ቀን እናቴ አንድ ዛላ ብቻ ፈልፍላ ፈጨች። አጥሚቱን ቀጠን አድርጋ ሠርታ፣ በእህቴ ትንሽ ጣሳ ቀድታ አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

«ይኸው ደረሰ» አለችው። «ጠጣ።»

አባቴ ቢስሚላህ አለ፤ እስከ ጭላጩ ጠጣው።