መኮትኮቻ ይዤ ወደ ይፋግ

ባለፈው ረቡዕ ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ የወረድኩት ለሰባት ዓመቷ ልጄ ለትርንጎ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ጤና ጣቢያ ደም አንሷታል ተብላ እንክብል ታዞላት ነበር። በጀመረች በሦስተኛው ቀን ዓይነ ምድሯ ጠቆረና ደንግጬ አስቆምኳት። ላዘዘችላት ባለሙያ ተመልሼ አልነገርኩም፤ ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ መሃል ቁጭ ማለት አልተወችም። ጎረቤቴ የሺ፣ ይፋግ ያሉ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴት ሽፈራው የሚባል ዛፍ እንዳላቸውና ለደም ማነስ ደግ እንደሆነ ነገረችኝ።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤ ነው። በእኛ ዘንድ የመድኃኒት ሥር የሚማሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ስለዚህ ምንም ሳልቀምስ፣ የጓሮ መኮትኮቻዬን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ መናኸሪያ

ትርንጎን ለየሺ አደራ ስሰጥ ስለ ውሃው፣ ስለ ሹራቧ፣ ስለ ውሻው ሳይቀር አስጠነቀቅሁ። የሺ «ማታ ትመለሺ የለም እንዴ? ኑዛዜ አስመሰልሽው» አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ፍሬኑን አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ዛሬ ጠዋት እናቴም ጠይቃኛለች» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ።

ዓለም ሳጋ ጫካ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወረታ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። እዚያ ሌላ መኪና እስኪሞላ ብዙ ጠብቄ፣ የፎገራን አረንጓዴ ሩዝ ግራና ቀኝ እያየሁ ይፋግ ገባሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ እትዬ ዘውዴ ግቢ

ዛፉ አጥሩ ዳር ቆሟል። ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ግን ደቃቅ ነው። እትዬ ዘውዴ መኮትኮቻዬን ሲያዩ «ዛፌን ልትነቅዪው ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ስለ ሥሩ አስረዳኋቸው።

«ሥሩን ተዪው፣ ይጎዳል። እዚህ ቤት የሚበላው ቅጠሉ ነው» አሉ።

አርባ ምንጭ ይሠራ የነበረ ልጃቸው ዘሩን አምጥቶ እንደተከለላቸው አጫወቱኝ። እዚያ አገር ሰው ከደጁ እየቀነጠሰ ይበላዋል። ቅጠሉ ለደምም ለዓይንም የሚጠቅም ነገር እንዳለው የጤና ሠራተኞችም ይናገራሉ። ጥላ ላይ ደርቆ ሲፈጭ ሽሮ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ ስንት ማንኪያ፣ ለስንት ቀን እንደሚጠጣ ጠየቅሁ። እትዬ ዘውዴ አጥሩን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ ጎመን ስትበዪ ለስንት ቀን ብለሽ ነው?»

በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተቀቀለውን አቀረቡልኝ። ጥቂት መረር ይላል፣ ግን ይበላል። እየበላሁ ስለ እንክብሉ ነገርኳቸው። ሳቁን አቆሙ።

«እኔም ልጄን አርግዤ ሳለሁ ውጬዋለሁ፤ ያጠቁራል። ነገ ሄደሽ ለባለሙያዋ ንገሪያት። ቅጠሉ ያግዛል እንጂ የእሷን ሥራ አይሠራልሽም።»

ዘር ስለምናቸው የደብረ ታቦርን ውርጭ አይችልም አሉና ዘንቢሌን በቅጠል ሞሉልኝ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ትርንጎ ቅጠሉን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች፤ ከየሺ መድኃኒት እንደማመጣ ሰምታለች። እንደ ጎመን ሠርቼ በእንጀራ አቀረብኩላት። በልታ ጨረሰችና ሳህኑን ገፋ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«መድኃኒቱን መቼ ነው የምጠጣው?»

በማግስቱ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። መጥቆሩ ከእንክብሉ መሆኑን፣ ማቋረጥ እንዳልነበረብኝ ነገረችኝና እንደገና አስጀመረቻት። ቅጠሉንም ከምግቧ ጋር ስጪያት አለች።

መኮትኮቻውን ወደ ጎመን መደቤ መልሼዋለሁ። ትርንጎ አሁንም ዳገቱ መሃል ታርፋለች፤ እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ። ጤና ጣቢያው ከቤቴ አስር ደቂቃ ነው። ይፋግ ድረስ የወረድኩት ያችን አስር ደቂቃ ፈርቼ ነበር።